የሆስፒታል መንፈሳዊ አገልግሎት ሲመዘን፦ ልጅ ለዕጢ ቀዶ ሕክምና ሲተኛ የሚጠቅመውና የሚጎድለው

በሕፃናት ሆስፒታል ካሉት አገልግሎቶች ሁሉ ዘግይቶ የሚጠራው መንፈሳዊ አገልግሎቱ ነው። ቤተሰብ ስለ ቀዶ ሐኪሙ ይጠይቃል፣ ስለ ሰመመን ሰጪው ይጠይቃል፣ ስለ ጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ ይጨነቃል፤ መንፈሳዊ አገልጋይ በሩን ሲያንኳኳ ግን «ምን ተፈጠረ? ምን ደበቃችሁን?» ብሎ ይደነግጣል። አገልጋዩ የሚመጣው ሞት ሲቃረብ ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በዚህ የተነሳ በጣም በሚጠቅምባቸው ሰዓቶች ሳይጠራ ይቀራል።

ይህ ግምገማ የአንድ ሆስፒታል አይደለም፤ የሚመዝነው አገልግሎቱን ራሱን ነው። ልጅ በጭንቅላቱ፣ በሆዱ ወይም በሌላ የሰውነቱ ክፍል ዕጢ ተገኝቶበት ቀዶ ሕክምና ሲደረግለትና ሲያገግም፣ ለሚያምን ቤተሰብ ምን ይሰጣል? የት ላይ ይጎድላል? ፍርዱን አስቀድመን እንናገር፦ የሕክምናውን ሰዓትና ከልጁ ጋር የተያያዘውን ቱቦ የሚያውቅ አገልጋይ ያለበት ሆስፒታል ለቤተሰብ ትልቅ በረከት ነው። ጸሎቱን ብቻ እንጂ ሕክምናውን የማያውቅ አገልጋይ ግን፣ ልቡ ቅን ቢሆንም፣ ልጁን ሊጎዳ ይችላል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ልዩነት የሚያሳይ ነው።

ማን ነው የሚመጣው?

በብዙ አገር ይህ ሰው ቻፕሊን ይባላል። ቄስ፣ ፓስተር፣ ኢማም ወይም ምእመን ሊሆን ይችላል። ሙያው የዛሬውን መልክ የያዘው አንተን ቦይሰን በ1925 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ በዉስተር የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ከሕሙማን አጠገብ አድርጎ ማሠልጠን ከጀመረ ወዲህ ነው። ዛሬ አንዱ የሥልጠናው ምዕራፍ ብቻ ቢያንስ 400 ሰዓት ይወስዳል፤ አብዛኛው ሰዓት የሚያልፈውም በክፍል ውስጥ ሳይሆን በሕሙማን አልጋ አጠገብ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «የየትኛው ሃይማኖት ነዎት?» ባይሆን ይመረጣል። «ሥልጠናዎን የወሰዱት ሆስፒታል ውስጥ ነው? ከሕፃናት ጋር ሠርተው ያውቃሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሠለጠነ ሰው በጥያቄው አይከፋም።

አገልጋዩን ለማግኘት ለዋርዱ ነርስ መንገር ይበቃል። ልጁ አልጋ ሲይዝ በሚሞላው ቅጽ ላይ ስለ ሃይማኖት የሚጠይቅ መስመር ካለ ባዶውን አትተዉት፤ ሌሊት ላይ ማንን መጥራት እንዳለባት ተረኛዋ ነርስ የምታውቀው ከዚያ ነው። ጥሩ አገልጋይ በመጀመሪያ ቀን ብዙ አይጸልይም፣ ይጠይቃል። ሐኪሟ ክርስቲና ፑቻልስኪ ከባልደረቦቿ ጋር በ1996 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀችው የታወቀ አካሄድ አራት ነገሮችን ይነካል፦ እምነታችሁ ምንድን ነው፤ በዚህ ሕመም ውስጥ ምን ያህል ቦታ አለው፤ የሚደግፋችሁ የእምነት ማኅበረሰብ አላችሁ ወይ፤ የሕክምና ቡድኑስ ይህን እንዴት ያክብርላችሁ። የመጨረሻው ጥያቄ ካልተጠየቀ ጉብኝቱ ግማሽ ነው። ጥያቄው የሰው ጠባይ መለኪያ አይደለም፤ «ደም መውሰድን የሚከለክል እምነት አለን»፣ «ልጄን ወንድ ነርስ እንዳያጥባት እፈልጋለሁ» የሚሉ ነገሮች የሚወጡት እዚህ ላይ ነው፤ እነዚህ ደግሞ በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ ሳይሆን ቀደም ብለው መታወቅ አለባቸው።

አገልግሎቱ ክፍያ የለውም። ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ሃይማኖት እንድትለውጡ የሚገፋ ወይም ሳይጠሩት ደጋግሞ የሚመጣ ሰው ካለ ለዋርዱ ኃላፊ ተናገሩ። «አንፈልግም» ማለትም መብታችሁ ነው፤ የልጁ ሕክምና በዚህ አይለወጥም።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት

እዚህ ላይ አገልግሎቱ ከፍተኛ ነጥብ ያገኛል፤ ብዙ ጊዜ የሚባክነውም እዚህ ነው። ልጁ ሕመሙን የሚረዳው በአዋቂ አእምሮ አይደለም። ከ3 እስከ 6 ዓመት ያለ ልጅ ክፉ ስላሰበ ወይም እናቱን ስላልታዘዘ የታመመ ይመስለዋል። «ፈጣሪ እየፈተነህ ነው» የሚለው የአዋቂዎች ማጽናኛ ለዚህ ልጅ ቅጣት ሆኖ ይሰማዋል። ሦስት ነገር በግልጽ ይነገረው፦ ዕጢው በአንተ ጥፋት አልመጣም፤ ከማንም አልተጋባብህም፣ ወደ ማንም አይጋባም፤ ስለማንኛውም ነገር መጠየቅ ትችላለህ።

በእኛ ቋንቋ ደግሞ አንድ የተለየ ወጥመድ አለ። ለሞተ ሰው «አንቀላፉ»፣ «ዐረፉ» እንላለን። አያቱ «አንቀላፉ» ተብሎ ሰምቶ ዳግመኛ ያላያቸው ልጅ፣ ሐኪሙ «ታንቀላፋለህ፣ ከዚያ ዕጢውን እናወጣለን» ሲለው በመደንገጥ ቢያለቅስ የሚያስገርም አይደለም። አገልጋዩ ቃሉን ማስተካከል አለበት፦ «መድኃኒቱ የሚያመጣው እንቅልፍ ነው። ሐኪሙ አጠገብህ ሆኖ ይጠብቅሃል፤ መድኃኒቱ ሲቆም እንቅልፉ ያበቃል።» ይህን የማያውቅ አገልጋይ በጸሎቱ መካከል ራሱ «በሰላም አንቀላፍቶ» ሲል ይሰማል።

የምግብና የውኃ ክልከላው ሌላው መፈተኛ ነው። የተለመደው ሕግ ከሰመመን በፊት ለጠንካራ ምግብና ለቆርቆሮ ወተት 6 ሰዓት፣ ለጡት ወተት 4 ሰዓት፣ ለጠራ ፈሳሽ 2 ሰዓት ነው፤ በብዙ የሕፃናት ሆስፒታሎች የጠራ ፈሳሹ ወደ 1 ሰዓት ዝቅ ብሏል። ምክንያቱ በሰመመን ጊዜ ከሆድ ወደ ላይ የሚመለስ ነገር ወደ ሳንባ ስለሚገባ ነው። ቅዱስ ቁርባንም ሆነ የተባረከ ዳቦ፣ ጸበልም ሆነ ዘምዘም ከዚህ ሕግ አይወጣም። ለሆድ ሁሉም ምግብና ውኃ ነው። ጥቂት ቁራሽ እንኳ ከሰዓቱ በኋላ ከተወሰደ ሰመመን ሰጪው ቀዶ ሕክምናውን ወደ ሌላ ቀን ሊያዛውረው ይገደዳል፤ ወላጅ ፈርቶ ቢደብቅ ደግሞ አደጋው የከፋ ነው። ጥሩ አገልጋይ የቀጠሮውን ሰዓት ከነርሷ ጠይቆ ሥርዓቱን ከአንድ ቀን በፊት ያስፈጽማል።

በአንገትና በእጅ ላይ የሚታሰሩት ነገሮች ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ወደ ኤምአርአይ (በኃይለኛ ማግኔት የውስጥ ሰውነት ምስል የሚነሣበት) ክፍል ምንም ዓይነት ብረት አይገባም፤ የአንገት መስቀል፣ በሽቦ የተሰካ መቁጠሪያ ወይም ሙስባሃ፣ በውስጡ ቆርቆሮ የተሰፋበት ክታብ በማግኔቱ ይሳባል ወይም ይግላል። ባለሙያው ያላየውን ነገር ከልጁ ልብስ ሥር አታስገቡ። በቀዶ ሕክምና ክፍልም ደም ለማቆም በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሣሪያ ስላለ ሰውነት ላይ የቀረ ብረት ቆዳን ሊያቃጥል ይችላል። በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ክር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ልጁ ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር ሲወስድ እጁ ያብጣል፣ ክሩ ይጠብቃል፣ የደም ሥር መርፌውንም ይከልላል። ክሩን ወይም ምስሉን በሚዘጋ ላስቲክ ውስጥ አድርጎ በአልጋው ራስጌ ማሰር ይቻላል፤ ላስቲኩ በአልኮል ስለሚወለወል ነርሶቹም አይቃወሙም። ቅባት የተቀባ ቆዳ ላይ የልብ ምት መከታተያው አይጣበቅም፤ ልጁ በዘይት ከተቀባ ከመግባቱ በፊት በሳሙና ይታጠብ።

አንድ ነገር ደግሞ በጥብቅ መነገር አለበት። በኩላሊት ላይ የሚወጣው የዊልምስ ዕጢ ያለበትን ልጅ ሆድ ማንም እንዳይጫን። ዕጢው በቀጭን ሽፋን የታቀፈ ነው፤ ከፈነዳ ሴሎቹ በሆድ ውስጥ ይበተናሉ፣ የሕመሙ ደረጃም ይከፋል፣ ሕክምናውም ይከብዳል። ሆድን በዘይት እያሹ መጸለይ ወይም እጅን አጥብቆ መጫን ፈጽሞ አይገባም። ይህ ዕጢ በሚገባ ሲታከም ጥሩ ሕክምና ባለባቸው አገሮች ከ10 ልጆች 9ኙ ገደማ ይድናሉ፤ እንዲህ ያለውን ዕድል በአንድ ግፊት ማሳነስ ያሳዝናል።

የቀዶ ሕክምናው ቀን

ጸሎቱ ከማረጋጊያ መድኃኒቱ በፊት ይሁን። ለልጆች በአፍ የሚሰጠው ሚዳዞላም በ20 እና 30 ደቂቃ ውስጥ ሥራውን ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ልጁ አብዛኛውን ጊዜ አያስታውስም። ወላጆች በቀዶ ሕክምናው በር ላይ ያደረጉት ረጅም ጸሎት እነርሱን ያጽናና ይሆናል፤ ለልጁ ግን የሚቀርለት ከመድኃኒቱ በፊት በጆሮው የሰማው አጭር ቃል ነው። አንድ ደቂቃ ይበቃል። ልጁ የሚያውቀው፣ በየማታው የሚለው ጸሎት ከሆነ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል፤ አዲስና ግርማ ያለው ጸሎት ሲሰማ «ዛሬ ምን ሊደርስብኝ ነው?» ይላል።

ቀጥሎ መጠበቅ ነው። የጭንቅላት ዕጢ ቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ልጁ ገባ ማለት ቀዶ ሕክምናው ተጀመረ ማለት አይደለም፤ ማደንዘዝ፣ የደም ሥር መስመሮችን ማስገባት፣ ራሱን በትክክለኛው አቀማመጥ መያዝ ብቻ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር ሦስት ቦታ ላይ ቆሞ ማጣራትን ይጠይቃል፦ ከማደንዘዝ በፊት፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊትና ሕመምተኛው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት። ይህን የሚያውቅ ቤተሰብ ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ክፉ ዜና አይጠብቅም። በመጠበቂያው ሰዓት አገልጋዩ የሚያደርገው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ቤተሰቡን ደግፎ የሚያቆመው እርሱ ነው፦ በየሁለት ሰዓቱ ወደ ውስጥ ደውሎ የሚጠይቅ ሰው ማን እንደሆነ ያጣራል፤ እናትና አባት ውኃ መጠጣታቸውንና ምግብ መቅመሳቸውን ያያል፤ ለዘመድ ሁሉ ዜና የሚያደርስ አንድ ሰው ብቻ እንዲመረጥ ያደርጋል። ሃያ ስልክ የምትመልስ እናት አትጸልይም፣ አታርፍምም። ልጁ እስኪወጣ እጾማለሁ የሚል ወላጅ ካለ አገልጋዩ በቀጥታ ያናግረው፤ ሐኪሙ ወጥቶ ፈቃድ ወይም ውሳኔ ሲጠይቅ ራሱን ስቶ የሚወድቅ አስታማሚ ለልጁ አይጠቅምም።

የድክመቱ ምልክት ሕዝብ መሰብሰብ ነው። በመጠበቂያ ክፍሉ ሠላሳ ሰው አቁሞ ድምፅ ከፍ አድርጎ የሚያስጸልይ አገልጋይ፣ አጠገቡ ሌላ ልጅ የሚጠብቅ ቤተሰብ እንዳለ ረስቷል።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል

ለዚህ አገልግሎት ከሁሉም የከበደው ፈተና ይህ ነው። ከጭንቅላት ቀዶ ሕክምና በኋላ አንዳንድ ልጆች ከራስ ቅላቸው ውስጥ ፈሳሽ ወደ ውጭ የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ ይዘው ይወጣሉ። የቱቦው መያዣ ከልጁ ጆሮ አንጻር በልኩ ተደርጎ ይሰቀላል። አልጋውን ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ፣ ልጁን ቀና አድርጎ ማቀፍ፣ ነርሷ ቱቦውን ሳትዘጋው ከተደረገ ፈሳሹ ከሚገባው በላይ ሊወጣ ወይም ሊቆም ይችላል። ስለዚህ «ትንሽ ቀና አድርጉልኝ፣ ልባርከው» አይባልም። እጅ የሚጫነው በእግሩ ወይም መርፌ በሌለበት እጁ ላይ ነው፤ በራሱ ላይ አይደለም። ኦክስጅን ባለበት ክፍል ሻማ፣ ጧፍ፣ ዕጣን አይበራም፤ ኦክስጅን ትንሿን እሳት በቅጽበት ያገዝፋታል። በባትሪ የምትበራ ትንሽ ሻማ ይህን ቦታ ትሸፍናለች።

ውኃ በአፉ ማድረግን በተመለከተም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በኋለኛው የጭንቅላት ክፍል ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ልጅ የመዋጥ ችሎታው ሊዳከም ይችላል። አንድ ማንኪያ ጸበል ወደ ሳንባ ቢወርድ የሳንባ ምች ያመጣል። የመዋጥ ምርመራው እስኪያልፍ ድረስ በእጁ ጀርባ ላይ ጥቂት ማስነካት ይበቃል፤ ለቁስሉና ለቱቦዎቹ መግቢያ ግን አይቅረብ።

አሁን ደግሞ ብዙ አገልጋዮች የሚሳሳቱበት ነገር። ከትንሹ አንጎል (ከኋለኛው የጭንቅላት ክፍል) አካባቢ ዕጢ የወጣለት ልጅ ደህና ሆኖ ነቅቶ፣ ሁለት ቃል ተናግሮ፣ ከአንድ እስከ ስድስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ድንገት ንግግሩ ሊጠፋ ይችላል። ዝም ይላል፣ ያለ ምክንያት ያለቅሳል፣ ሰውነቱ ይዝላል፣ ዓይን ለዓይን አያይም። ሐኪሞች የትንሹ አንጎል ዝምታ ይሉታል፤ ሜዱሎብላስቶማ የተባለው የትንሹ አንጎል ካንሰር ከወጣላቸው ልጆች መካከል ከአራቱ በአንዱ ገደማ ይታያል። ይህን ያልተነገረው ቤተሰብ «መንፈስ ያዘው»፣ «ዓይን በላው» ቢል አይፈረድበትም። አገልጋዩ ግን ይህን ካልተማረ ፍርሃቱን በሥልጣን ያጸናዋል። በዚህ ጊዜ ልጁ ላይ መጮኽ፣ እስኪናገር ድረስ ማስጨነቅ፣ ክፉ መንፈስ ማስወጣት ብሎ መጫን ጉዳት ነው፤ ልጁ ይሰማልና። ንግግሩ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ ሲመለስ ግን ዝግ ያለና ያልጠራ ሊሆን ይችላል፣ የንግግር ሕክምናም ያስፈልገዋል። አገልጋዩ ከቤተሰቡ ጋር በዝምታ ቢቀመጥ፣ ለልጁ የሚያውቀውን መዝሙር በለሆሳስ ቢያሰማው ያ ትልቅ ሥራ ነው።

የአንጎል እብጠትን የሚቀንሰውን ዴክሳሜታዞን የሚወስድ ልጅም ይቆጣል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ያለ ልክ ይርበዋል። የሚጥል በሽታን ለመከላከል የሚሰጠው ሌቬቲራሴታምም ቁጡ ሊያደርገው ይችላል። ይህን እንደ ክፉ ጠባይ ወይም እንደ እምነት ማጣት ቆጥሮ የሚገሥጽ አገልጋይ ነጥቡን አጥቷል።

ውጤቱ እስኪመጣ

በቀዶ ሕክምናው መካከል ከዕጢው ጥቂት ተወስዶ በግማሽ ሰዓት ገደማ የመጀመሪያ ፍንጭ ሊገኝ ይችላል፤ የዕጢውን ዓይነት የሚለየው የመጨረሻው የፓቶሎጂ (የቤተ ሙከራ) ውጤት ግን ቀናት፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ ደግሞ የቀረ ነገር እንዳለ ለማየት ኤምአርአይ ይነሣል። ለቤተሰብ እምነት ከቀዶ ሕክምናው ቀን ይልቅ ከባድ የሆነው ይህ ጊዜ ነው ብለን እናምናለን። ቀዶ ሐኪሙ «ዕጢውን ሙሉ በሙሉ አውጥተነዋል» ሲል ዘመድ «ተፈወሰ» ብሎ ይሰማዋል። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ በዓይንም በምስልም የማይታዩ ሴሎች ሊቀሩ ስለሚችሉ አንዳንድ ዕጢ ጨረርና ኬሞቴራፒ ይከተለዋል። ለሜዱሎብላስቶማ የጨረር ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ይጀመራል፤ መዘግየቱ ይጎዳል።

ጉዳቱ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ቤተሰቡ በአደባባይ «ልጃችን ድኗል» ብሎ ከመሰከረ በኋላ ኬሞቴራፒ ያስፈልጋል ሲባል ያፍራል፤ ሕክምናውን መቀጠል የፈጣሪን ሥራ መካድ ይመስለዋል። ሕክምናን ማቋረጥ በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ልጆች በካንሰር ከሚሞቱባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. በጀመረው የሕፃናት ካንሰር ጥረት በ2030 እ.ኤ.አ. ቢያንስ 60 በመቶው ልጆች እንዲድኑ አቅዷል፤ በሀብታም አገሮች ከ80 በመቶ በላይ ሲድኑ በብዙ ድሃ አገሮች ከ30 በመቶ በታች ናቸው። ልዩነቱን የሚያሰፋው የመድኃኒት እጥረት ብቻ አይደለም፤ መንገድ ላይ የቀረ ሕክምናም አለበት። ስለዚህ አንድን መንፈሳዊ አገልግሎት በአንድ ጥያቄ ብቻ እንድንመዝነው ብንጠየቅ የምንመርጠው ይህን ነው፦ ይህ ሰው ካነጋገራችሁ በኋላ ወደ ሚቀጥለው ቀጠሮ ለመሄድ የበለጠ ቆረጣችሁ ወይስ ተጠራጠራችሁ? «ለዛሬው ደረጃ እናመስግን፣ ለነገው ደረጃ ኃይል እንለምን» የሚል አገልጋይ ቤተሰቡን በሕክምናው ውስጥ ያቆየዋል፤ ምስጋናውም እውነተኛ ይሆናል።

ስለ ውጤቱ አስቀድሞ ቃል የሚገባ አገልጋይ አትቀበሉ። በ2006 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ ትልቅ ጥናት በ6 ሆስፒታሎች 1,802 የልብ ቀዶ ሕክምና ሕሙማንን ተከታትሎ፣ የማያውቋቸው ሰዎች የጸለዩላቸው ሕሙማን ከሌሎቹ ያነሰ የጤና ችግር እንዳልገጠማቸው አሳይቷል። የሚያምን ቤተሰብ በዚህ አይናወጥም፤ ጸሎት ከፈጣሪ ጋር መነጋገር እንጂ የሚለካ መድኃኒት አይደለምና። ነገር ግን «ይህን ያህል ቀን ከጸለያችሁ ኤምአርአዩ ንጹሕ ይወጣል» የሚል ሰው ከጸሎትም ከሕክምናም ውጭ ነው። ምስሉ ሌላ ሲያሳይ ጥፋቱን ወደ እናትየዋ እምነት ያዞረዋል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኬነዝ ፓርጋመንት ሰዎች በመከራ ጊዜ በእምነታቸው የሚደገፉበትን መንገድ ለመለካት ያዘጋጀው አጭር መጠይቅ 14 ጥያቄዎች አሉት፦ 7ቱ ስለሚያጸና መንገድ፣ 7ቱ ስለሚያቆስል። «ፈጣሪ ትቶኛል»፣ «ስለ ኃጢአቴ እየቀጣኝ ነው» የሚሉት በሁለተኛው ውስጥ ናቸው፤ ከበለጠ ጭንቀትና ሐዘን ጋርም ይያያዛሉ። ጥሩ አገልጋይ አባት «ለምን ልጄን?» ብሎ ሲቆጣ አይገሥጸውም፣ «የፈጣሪ ፈቃድ ነው» ብሎም ወዲያው አይዘጋበትም። ቁጣው እስኪወጣ ይሰማዋል። በዚህ ረገድ የሠለጠነና ያልሠለጠነ አገልጋይ ልዩነቱ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይታያል።

ከሆስፒታል ሲወጡ

አገልግሎቱ ደካማ የሆነው እዚህ ነው፤ አብዛኛው ጊዜ በበሩ ላይ ያበቃል። ቤት ውስጥ የሚነሡትን ጥያቄዎች ልጁ ሳይወጣ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቁስሉ ስፌቱ እስኪወጣ፣ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን፣ ውኃ ውስጥ አይነከርም፤ መጠመቅም ይቆይ። ከቁስሉ ውኃ የመሰለ የጠራ ፈሳሽ ከወጣ የአንጎል ፈሳሽ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይመለስ። ጠዋት ጠዋት ራስ ምታት፣ ትውከትና የማይነቃ እንቅልፍም እንዲሁ ነው፤ በተለይ በጭንቅላቱ ውስጥ ፈሳሽ ማውረጃ ቱቦ ላለበት ልጅ። ራስን ወደ መሬት የሚያዘቀዝቅ ስግደትና ሱጁድ ቀዶ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆይ፤ ተቀምጦ መጸለይ በቂ መሆኑን ለልጁ አገልጋዩ ራሱ ቢነግረው ልጁ አይከፋም።

ኬሞቴራፒ ከተጀመረ የሰውነት መከላከያው ይወርዳል። ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ500 በታች ሲሆኑ ቀላል የሚመስል ጀርም ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ከምንጭ የተቀዳ የተባረከ ውኃ ሳይፈላ አይጠጣ፤ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ 3 ደቂቃ ይፍላ። መፍላቱ በረከቱን ያነሳዋል ወይ የሚለውን የእምነት አባታችሁን ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ስለ ልጁ ደኅንነት ሲሰሙ ይፈቅዳሉ። ለምስጋና የሚሰበሰበው ሰው ጥቂት ይሁን፤ የሚያስል፣ ኩፍኝ ወይም ጉድፍ ካለበት ቤት የመጣ ሰው ልጁን አይሳም። ልጁ ኩፍኝ ወይም ጉድፍ ካለበት ሰው ጋር ከዋለ በዚያው ቀን ለሐኪሙ ይደወል። ትኩሳት ሲመጣ ደግሞ አስቀድማችሁ የተነገራችሁን ቁጥር ተከተሉ፤ አብዛኛው ሆስፒታል 38 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይጠራል፤ ደም ሥር ውስጥ ቋሚ ቱቦ ላለው ልጅ አንቲባዮቲኩ እንደ ደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊጀመርለት ይገባል። ጸሎቱ በመኪናው ውስጥ ይቀጥላል፤ መንገዱ ግን አይዘግይ። በእምነት ስም የሚሰጥ ሥራ ሥርና ቅጠልም ከኬሞቴራፒው ጋር ሊጋጭ ስለሚችል ለፋርማሲ ባለሙያው ሳይታይ አይሰጥ።

ስለ ታማሚው ልጅ ወንድሞችና እኅቶች ደግሞ አንድ ቃል። እነርሱን በስማቸው ጠይቆ የሚያናግር አገልጋይ ጥቂት ነው፤ ካገኛችሁ ያዙት። ቤት የቀረው ልጅ «እኔ ስላስቀየምኩት ነው» ብሎ በልቡ ይዞ ሊኖር ይችላል።

የአገልግሎቱ ድክመቶች በግልጽ ይነገሩ። በብዙ ሆስፒታል አንድ ሰው ለብዙ ዋርድ ይሠራል፤ ሌሊትና በዓል ላይ አይገኝም። አንዳንዱ የአንድ እምነት ሰው ብቻ ነው፤ ሌላ እምነት ላለው ቤተሰብ ተስማሚ ሰው መጥራት ሥራው መሆኑን ረስቶታል። አገልጋዩ የሐኪሙን ቃል አስተርጓሚ ሆኖ ከተቀመጠ ደግሞ የሚጠቅም ቢመስልም አደገኛ ነው፤ «ሙሉ በሙሉ ወጣ» የሚለው «ተፈወሰ» የሚሆነው እንዲህ ነው። ለትርጉም የሠለጠነ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ አገልጋዩ አጠገባችሁ ይቀመጥ። የነገራችሁትስ በሕክምና መዝገቡ ላይ ይጻፍ ይሆን? ከመናገራችሁ በፊት ጠይቁት።

ይህን ሁሉ ይዘን፣ ሠልጥኖ ከነርሶች ጋር የሚሠራውን አገልግሎት ከ5 ኮከብ 4 እንሰጠዋለን፤ አንዱ ኮከብ የቀረው ከሆስፒታል መውጫ በር ላይ ስለሚቆም ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ክትትሉ ለወራትና ለዓመታት ይቀጥላል፤ ለብዙ ልጆች በመጀመሪያ ጊዜ ኤምአርአይ በየሦስት ወሩ አካባቢ ይነሣል፣ ቤተሰቡም በየቀጠሮው ሳምንት እንደ መጀመሪያው ቀን ይጨነቃል። ስለዚህ የመውጫ ወረቀቱን ከመፈረማችሁ በፊት የአገልጋዩን የሥራ ስልክ ተቀበሉ፤ የመጀመሪያውን የኤምአርአይ ቀንም ንገሩት፤ በዚያ ሳምንት ደውሎ እንዲጠይቃችሁ።